ጠዋት ጤነኛ፣ ከምሳ በኋላ ታማሚ፦ ማስ ስፔክትሮሜትር ስጠግን ያየሁት

ማስ ስፔክትሮሜትር የናሙናን ሞለኪውሎች ወደ አዮን ቀይሮ በክብደታቸው (በማሳቸው) የሚለይ መሣሪያ ነው። የእኛው ማሽን ጠዋት ጠዋት ደህና ነበር። ስታንዳርድ፣ ማለትም ይዘቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና፣ እናስገባለን፤ የምንጠብቀው ውጤት ይወጣል። ከምሳ በኋላ ያንኑ ስታንዳርድ ከዚያው ጠርሙስ ስናስገባ ግን ሌላ ነገር እናያለን። ትንንሾቹ ማሶች አሉ። መካከለኞቹ በግማሽ ወርደዋል። ትልልቆቹ የሉም። ማታ ጠፍቶ ካደረ በማግስቱ ምንም እንዳልነበረው ይሆናል።

ይህ ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ አደከመን። አብዛኛውን ጊዜ ያባከንነው ያልተበላሸ ነገር በመቀየር ነው። ሌላ ሰው በዚያው መንገድ እንዳይሄድ ነው ይህን የምጽፈው። የእኛው ማሽን ጋዝ ክሮማቶግራፍ (ድብልቅን በጋዝ መልክ የሚለያይ መሣሪያ) የተገጠመለት፣ ባለ አንድ ኳድሩፖል (አዮኖችን በማሳቸው የሚያጣሩ አራት ዘንጎች) ማስ ስፔክትሮሜትር ነው። የዋስትና ጊዜው አልፏል። የቦርዶቹ ንድፍም በእጃችን አልነበረም። ያላችሁ ማሽን ሌላ ዓይነት ቢሆንም አካሄዱ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ናሙናው ወደ አዮን የሚቀየርበትን ክፍል፣ የአዮን ምንጩን ነው። ሁሉም ሰው ከእሱ ነው የሚጀምረው፤ ብዙ ጊዜም እውነትም እሱ ሆኖ ይገኛል። ይቆሽሻል፤ ሲቆሽሽ ሲግናሉ ይወርዳል፤ ትልልቅ ማሶች ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ማሽኑን አቀዝቅዘን ቫኪዩሙን ለቀቅን። ምንጩን ፈትተን በአሉሚና ዱቄት አሸነው፣ አጠብነው፣ አደረቅነው፣ መልሰን ገጠምነው። ፓምፑ አየሩን እስኪያወጣ አንድ ሌሊት ጠበቅን። ጠዋት ላይ በጣም ጥሩ ሆነ። ተገላገልን አልን። ከምሳ በኋላ ያው ሆነ።

ቀጥሎ የአዮኖቹን ሲግናል የሚያበዛው ኤሌክትሮን መልቲፕላየር ላይ ፈረድን። እርጅና ስለተጫነው የሚሠራበት ቮልቴጅ ከፍ ብሎ ነበር። አዲስ ገጠምን። ሲግናሉ በአጠቃላይ ጨመረ። የከሰዓቱ በሽታ ግን ንቅንቅ አላለም። መልቲፕላየር ውድ ዕቃ ነው። ሳይለኩ መቀየር ምን እንደሚያስከፍል ያን ቀን ገባኝ።

ነገሩን ይበልጥ ያወሳሰበው አውቶቱን፣ ማሽኑ ራሱን በራሱ የሚያስተካክልበት ፕሮግራም፣ ነበር። ማሽኑ ሲታመም አውቶቱን እናስኬዳለን፤ ወዲያው ይስተካከላል። እፎይ ብለን እንሄዳለን። በማግስቱ ጠዋት ግን ጠዋትም መታመም ይጀምራል። እንደገና አውቶቱን እናደርጋለን። ጠዋቱ ሲድን ከሰዓቱ ይታመማል። ለቀናት እንዲህ እየተሯሯጥን ከረምን። አውቶቱን ብልሽትን አያድንም፤ ማሽኑ በዚያች ሰዓት ባለበት ሁኔታ ላይ ቁጥሮቹን ያስተካክላል። ሁኔታው በሙቀት የሚቀያየር ከሆነ ብልሽቱን ይሸፍንባችኋል። ስለዚህ ብልሽት ስትፈልጉ አንድ ጥሩ የሆነ የቱን ፋይል አስቀምጡና ሌላ አትንኩ።

እኔም እንደዚያ አደረግሁ። ጠዋት የተሠራውን ቱን አስቀመጥኩ። ከዚያ የካሊብሬሽን ፈሳሹን፣ ፐርፍሉሮትራይቡቲልአሚንን፣ ከፍቼ ቀኑን ሙሉ ተከታተልኩት። ይህ ፈሳሽ ማስ 69፣ 219 እና 502 ላይ የታወቁ ፒኮች፣ ማለትም በማሽኑ ግራፍ ላይ የሚታዩ ሹል ከፍታዎች፣ አሉት። በየ15 ደቂቃው ሦስት ነገር ጻፍኩ፦ የፒኩን ቁመት፣ የፒኩን ስፋት፣ ፒኩ የቆመበትን ቦታ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሁላችንም ስንመለከት የነበረው ቁመቱን ብቻ ነበር። ሲግናል ወረደ፣ ሲግናል ጠፋ እያልን። ቦታውን ያየ ሰው አልነበረም። የምንሠራው የተመረጡ ማሶችን ብቻ በሚከታተል ዘዴ ስለነበር ማሽኑ የሚያሳየን 502 ላይ ያለውን ብቻ ነው። ፒኩ ከ502 ሸሽቶ አጠገቡ ቢቆም እኛ ጠፋ እንላለን።

ፒኩ ግን አልጠፋም ነበር። ማሽኑ ከተነሳ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆነው ሦስቱም ፒኮች በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ሸሹ። 69 የነበረው በ0.1 ሸሸ። 219 በ0.3። 502 በ0.7። የፒኩ ስፋት ግን በግማሽ ቁመቱ ላይ ሲለካ ያው 0.6 ነበር።

እነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ከሁለት ሳምንት ልፋት በላይ ነገሩኝ። አንድ በአንድ ላስረዳ።

የመጀመሪያው፣ ሽሽቱ ከማሱ ጋር ያድጋል። 0.1ን ለ69 አካፍሉ፤ 0.3ን ለ219፤ 0.7ን ለ502። ሁሉም ወደ 0.14 በመቶ ይጠጋሉ። ሦስቱም እኩል በ0.3 ቢሸሹ ኖሮ መነሻው ዜሮው ላይ ያለ የቮልቴጅ መዛነፍ ነው እል ነበር። እንደ ማሱ መጠን ሲያድግ ግን የሚያመለክተው ሌላ ነገር ነው፦ ኳድሩፖሉ ዘንጎች ላይ የሚወጣው ቮልቴጅ በጠቅላላው በዚያ መቶኛ ወርዷል። በኳድሩፖል ውስጥ የሚያልፈው ማስ ከሬዲዮ ፍሪኩዌንሲው ቮልቴጅ ጋር ቀጥታ ይሄዳል። ቮልቴጁ ሲወርድ ያው አዮን ከፍ ያለ ቁጥር ላይ ይታያል።

ሁለተኛው፣ ስፋቱ አልተለወጠም። ለእኔ ቁልፉ ይሄ ነው። ዘንጎቹ ላይ ሁለት ቮልቴጅ አለ፦ ቀጥተኛው እና የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲው። ማሽኑ አንዱን ማስ ከጎረቤቱ ለይቶ የሚያሳልፈው የሁለቱን ምጣኔ ከ0.168 ትንሽ ዝቅ አድርጎ በመያዝ ነው። አንደኛው ብቻውን ቢወርድ ምጣኔው ይዛባል፤ ፒኩም ይሰፋል ወይም ይጠባል። ስፋቱ ካልተነካ ሁለቱም አብረው ወርደዋል ማለት ነው። ሁለቱ አብረው የሚወርዱት ደግሞ ከአንድ ምንጭ ሲቀዱ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከሬዲዮ ፍሪኩዌንሲው ማጉያ ላይ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ። ሁለቱም የሚታዘዙበት ቋሚ መነሻ፣ ሪፈረንስ ቮልቴጅ ላይ አረፈ።

እውነት ነው፣ የፍሪኩዌንሲ ለውጥም ተመሳሳይ ሽሽት ያመጣል። ነገር ግን ፍሪኩዌንሲው በክሪስታል የተያዘ ነው። ክሪስታል በሙቀት ቢለወጥም ይህን ያህል አይለወጥም። ስለዚህ ከዝርዝሩ አወጣሁት።

ሦስተኛው፣ ሽሽቱ ዘለለ እንጂ አልተንሸራተተም። በየ15 ደቂቃው ስጽፍ ለሁለት ሰዓት ተኩል ምንም ለውጥ አልነበረም። ከዚያ በአንድ ጊዜ ሆነ። በሙቀት ዋጋው የሚለወጥ ሪዚስተር ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። በአንድ ጊዜ የሚዘል ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የመነካካት ችግር ነው፦ የላላ ኮኔክተር፣ የተሰነጠቀ ብየዳ፣ የዛገ እግር።

ይህን ክትትል ከጀመርኩ እዚህ ድረስ ማሽኑን በመፍቻ አልነካሁትም። ቦርዱን ከመክፈቴ በፊት የት እንደምሄድ አውቅ ነበር።

አሁን ስለ ደኅንነት። ይህን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉ እለምናችኋለሁ። በማስ ስፔክትሮሜትር ውስጥ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ አለ። መልቲፕላየሩ ከ1000 እስከ 3000 ቮልት ይወስዳል። ከመልቲፕላየሩ በፊት ኮንቨርዥን ዳይኖድ የሚባል ኤሌክትሮድ ያለው ማሽን ከሆነ እስከ 10,000 ቮልት ይደርሳል። የኳድሩፖሉ ማጉያም በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሊያወጣ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ሥጋን ያቃጥላል። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ሶኬቱን ንቀሉ። ካፓሲተሮቹ የያዙትን የኤሌክትሪክ ቻርጅ እስኪለቁ ጠብቁ። ከዚያ በሪዚስተር በኩል፣ የማያስተላልፍ እጀታ ባለው ዘንግ፣ ወደ መሬት ልቀቁት። አንዴ ለቅቃችሁ አትመኑ። ከፍተኛ ቮልቴጅ የያዘ ካፓሲተር ከተለቀቀ በኋላም ከውስጡ እንደገና ቻርጅ ይሰበስባል። ስለዚህ ደግማችሁ ልቀቁ፣ ከዚያ ለኩ።

የስታቲክ መከላከያ የእጅ አንባርም አለ። ቦርድ ስትፈቱና ስትይዙ አድርጉት። ቮልቴጅ ያለበት ነገር ስትለኩ ግን አውልቁት፤ ያን ጊዜ አንባሩ እናንተን ከመሬት ጋር ያገናኛችኋል። ብቻችሁን አትሥሩ። እኔ የሥራ ባልደረባዬን ከአጠገቤ አስቀምጬ ነበር። ሥራዋ አንድ ብቻ ነበር፦ የዋናው ማጥፊያ አጠገብ ሆና እኔን መመልከት።

ወደ ሥራው ልመለስ። ሪፈረንሱ ያለው በዝቅተኛ ቮልቴጅ ቦርድ ላይ ነው። ይህ ለእኛ ዕድል ነበር። የመልቲፕላየሩን እና የኳድሩፖሉን ማጉያ ከኃይል አላቀቅን። የቀረው 5 ቮልት፣ ፕላስና ማይነስ 15 ቮልት እና 24 ቮልት ብቻ ነው። መጀመሪያ እነዚህን ለካሁ። ሁሉም በቦታቸው ነበሩ። በመልቲሜትር ብቻ አልረካሁም፤ በኦሲሎስኮፕም አየኋቸው። መልቲሜትር አማካዩን ነው የሚነግራችሁ። የደከመ ካፓሲተር ያለበት መስመር በመልቲሜትር 15 ቮልት እያሳየ፣ በኦሲሎስኮፕ ሲታይ ግን ሞገዱ ላይ ታች ሊል ይችላል። የእኛው ንጹሕ ነበር።

ከዚያ ሪፈረንሱን ለካሁ። ቀዝቃዛ እያለ 10.000 ቮልት አነበብኩ። ክዳኑን ከድነን እንዲሞቅ ተውነው፤ የመለኪያውን ሽቦ አስቀድሜ ወደ ውጭ አውጥቼው ነበር። ሰዓቱን እያየን ቁጭ አልን። ሁለት ሰዓት አለፈ። በድንገት ቁጥሩ 9.986 ሆነ። ልክ 0.14 በመቶ። ከጠበቅኩት ጋር ገጠመ። ባልደረባዬ አይታኝ ፈገግ አለች፤ እኔ ግን ለመደሰት ገና ነው አልኩ። የት እንዳለ አውቀናል እንጂ ምን እንደሆነ አላወቅንም።

የሪፈረንሱ ቺፕ አጠገብ ጥቂት ሪዚስተሮችና ዋጋውን የምታስተካክል አንዲት ትንሽ ትሪመር አለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ትሪመሯን ጠምዝዞ 10.000 ላይ ይመልሳታል። እባካችሁ አታድርጉት። ብልሽቱ እንዳለ ይቀራል፤ በዚያ ላይ የፋብሪካውን ማስተካከያ ታጣላችሁ።

ቦርዱ እንደሞቀ፣ ቁጥሩ 9.986 ላይ እንዳለ፣ ማቀዝቀዣ ስፕሬይ ወሰድኩ። በቀጭን ቱቦ አንድ በአንድ፣ በትንሽ በትንሹ ነፋሁ። ቺፑ ላይ፣ ምንም የለም። ሪዚስተሮቹ ላይ፣ ምንም። ትሪመሯ እግር ላይ ስደርስ ቁጥሩ ወዲያው 10.000 ሆነ። በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አደረግኳት፤ 9.986። ደግሜ አቀዘቀዝኩ፤ 10.000። በፕላስቲክ ዘንግ ቀስ ብዬ ጫን ሳደርጋት ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ዘለለ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ጊዜ ሲደገም ነው ያመንኩት።

ኃይሉን አጥፍቼ ቦርዱን አወጣሁ። በአጉሊ መነጽር ሳየው ከትሪመሯ ሦስት እግሮች በአንደኛው ዙሪያ ብየዳው ላይ ቀጭን ክብ ስንጥቅ ነበር። በዓይን ብቻ አይታይም። ከላይዋ የኃይል ማስተካከያው ሙቀት ማስወገጃ ብረት አለ። በየቀኑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ ሲሰፋና ሲጠብ ዓመታት አለፉ። ብየዳው ደከመ። ሲሞቅ ስንጥቁ ይከፈታል፤ ትሪመሯ ከሰርኪዩቱ ትወጣለች፤ ሪፈረንሱ ያልተስተካከለ ዋጋው ላይ ይወድቃል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ጥገናው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የድሮውን ብየዳ በመምጠጫ አነሳሁ። እግሯንና ቀለበቱን አጸዳሁ። አዲስ በየድኩ። ብዙ ሰው አሮጌው ላይ ጨምሮ ይበይዳል፤ ያ ለጊዜው ይሠራል፣ በኋላ ተመልሶ ይሰነጠቃል። የፍላክሱን ቅሪት በአይሶፕሮፓይል አልኮል ጠረግሁ። በዚያው ሙቀት ስር የነበሩትን ሌሎች ስድስት ብየዳዎችም አደስኩ። ከእነሱ ሁለቱ መሰንጠቅ ጀምረው ነበር። ቦርዱን መልሼ በፀጉር ማድረቂያ ግማሽ ሰዓት አሞቅኩት። 10.000። ትሪመሯን አልነካኋትም፤ ያስፈለጋት ነገር አልነበረም። ከዚያ ማሽኑን በሙሉ አስነስተን ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ተከታተልነው። 502 ጠዋትም ማታም 502 ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ በከንቱ የሠራነውን ማስታወስ እፈልጋለሁ። ምንጩን አጥበን ነበር። መልቲፕላየር ቀይረናል። ያ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግማሽ ቀን ቁጭ ብለን የፒኩን ቦታ ብንጽፍ ኖሮ ይበቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌላ ብልሽት ገጥሞኛል፤ ለብዙዎቻችሁ ይበልጥ የሚያጋጥማችሁ እሱ ስለሆነ ባጭሩ ልንገራችሁ። መነሻ መስመሩ፣ ፒክ በሌለበት ቦታ የሚታየው መስመር፣ ይረበሽ ጀመር። ጫጫታው ሲግናሉን ዋጠው። እንዲህ ያለው ሲመጣ ቅደም ተከተሌ ይሄ ነው። መጀመሪያ በአዮን ምንጩ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያመነጨውን የጋለ ሽቦ፣ ፊላመንቱን፣ አጠፋለሁ። ጫጫታው ከጠፋ መነሻው ከምንጩ ወይም ከሚገባው ጋዝ ነው። ያን ጊዜ ማስ 18፣ 28 እና 32ን አያለሁ። 28 ከ32 አራት እጥፍ ያህል ሆኖ ሁለቱም ከፍ ካሉ አየር እየገባ ነው፤ ኤሌክትሮኒክሱን መክፈት አያስፈልግም። ፊላመንቱ ጠፍቶም ጫጫታው ካለ የመልቲፕላየሩን ቮልቴጅ አጠፋለሁ። አሁን ከጠፋ መልቲፕላየሩ ወይም የቮልቴጅ ምንጩ ነው። አሁንም ካለ የቀረው ሲግናሉን የሚያነበው ማጉያ ነው።

የእኛው የመጨረሻው ሆነ። ይህ ማጉያ የሚያነበው የኤሌክትሪክ ጅረት እጅግ ትንሽ ነው። 1 ጊጋኦም ሪዚስተር ያለው ማጉያ 1 ፒኮአምፔርን ወደ 1 ሚሊቮልት ይለውጣል። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የጣት አሻራ ራሱ ሪዚስተር ነው። እርጥበት ያለበት አቧራም እንደዚያው። ቦርዱ ላይ አንድ ጊዜ ያለ ጓንት የያዘው ሰው ነበረ፤ አሻራው በብርሃን ሲታይ ይለያል። በአይሶፕሮፓይል አልኮል ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ከዚያ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሌሊቱን አደረቅኩት። ማድረቁን አትዝለሉ፤ አልኮሉ ራሱ ውሃ ይስባል። ጓንት አድርጌ መለስኩት። መስመሩ ተኛ።

ስለ መለካትም አንድ ነገር። የከፍተኛ ቮልቴጅ ምንጭን በተራ መልቲሜትር አትለኩ። ከአቅሙ በላይ ስለሆነ አደገኛ ነው፤ ለዚህ የተሠራ የከፍተኛ ቮልቴጅ ፕሮብ ያስፈልጋል። በማከፋፈያ ሪዚስተር በኩል የተተወ የመለኪያ ነጥብ ቢኖርም ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ 100 ሜጋኦም ከላይ፣ 1 ሜጋኦም ከታች ያለው ነጥብ ላይ ለካሁ። 2000 ቮልት ከሆነ 19.8 ቮልት ማንበብ ነበረብኝ። 18 አነበብኩ። ምንጩ ደክሟል ብዬ ከፍ ላደርገው ነበር። ቆም ብዬ ሳስብ መልቲሜትሩ ራሱ 10 ሜጋኦም ነው። ከ1 ሜጋኦሙ ጋር ጎን ለጎን ሲገባ ንባቡን 9 በመቶ ያወርደዋል። ምንጩ ምንም አልሆነም ነበር። ከፍ ባደርገው ኖሮ አዲሱን መልቲፕላየር አቃጥለው ነበር።

አሁን በማሽኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ማሽኑ ደህና በነበረበት ቀን የለካኋቸው ቁጥሮች አሉበት፦ የእያንዳንዱ መስመር ቮልቴጅ፣ ሪፈረንሱ፣ የመልቲፕላየሩ ቮልቴጅ፣ የሦስቱ ፒኮች ቦታና ስፋት፣ የቫኪዩሙ ንባብ። በየሦስት ወሩ ደግሜ እለካለሁ፤ ቀኑን ጽፌ ከጎኑ አስቀምጣለሁ። በቅርቡ ስለካ የ24 ቮልቱ መስመር 22.8 ሆኖ አገኘሁት። ማሽኑ እስከዚያ ምንም ምልክት አላሳየም ነበር። ስከፍተው አንዱ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ጭንቅላቱ አብጦ ነበር። ባለ 105 ዲግሪ የሆነ፣ አቅሙ እኩል፣ የቮልቴጅ መጠኑ ከፍ ያለ ካፓሲተር፣ የፕላስና የማይነስ እግሩን ሁለት ጊዜ አይቼ ገጠምኩ። መስመሩ 24.1 ላይ ተመለሰ። ወረቀቱ ላይ ጻፍኩት።